ዓርብ ቀን የተጠጣው የጥርስ መድኃኒት

ተጠራጣሪ ነሽ ሲሉኝ አልቀየምም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ያን ቀን የጠረጠርኩት ነገር ግማሹ ስህተት ነበር፤ አልክድም። መጠርጠሬ ግን ልጄን አትርፎልኛል። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ላውጋችሁ፣ ከዚያ እናንተው ፍረዱ።

ጊዜው ደርግ ነው። የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ሥር ነበር። ባለቤቴ ወደ ሰሜን ከዘመተ ቆይቷል፤ ወሬው ሲመጣ ይመጣል፣ ሲጠፋም ይጠፋል። እኔ በቀበሌው የስፌት ማኅበር የወታደር ሸሚዝ እሰፋለሁ። ልጃችን ሰናይት አራት ዓመቷን ጨርሳ አምስትን ጀምራለች፤ ቀን ቀን የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ትውላለች። ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም። ስለዚህ ሰናይት ስትባል ጆሮዬ ይቆማል።

ያደግሁት ዝዋይ አጠገብ ነው። የዚያ አገር ሰው ጥርሱ ቡናማ ይሆናል፤ የውሃው ነው ይሉናል። አዲስ አበባ ከገባሁ ጀምሮ ሳቅ ሲመጣብኝ አፌን በነጠላዬ እሸፍን ስለነበር የሰፈሩ ሰው ኩሩ ያደርገኝ ነበር። ያድርገኝ! የጥርሴን ነገር ከማውራት ኩሩ መባል ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ የቀበሌው ሰው በድምፅ ማጉያ እየጮኸ አለፈ። «ነገ ጠዋት ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች በሙሉ የጥርስ መድኃኒት ይሰጣል! ቀሪ እንዳይኖር! ልጁን ያስቀረ ወላጅ ዘመቻውን እንዳደናቀፈ ይቆጠራል!»

መኪናዎቹ ሁሉ ባንዴ ቆሙ። አንዷም ቀና ብላ የሌላዋን ፊት አላየችም፤ ያን ጊዜ እንደዚያ ነበርን። ጥቂት ቆይታ ከጎኔ የምትሰፋው በላይነሽ ክር የምታቀብለኝ መስላ ተጠጋችኝ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ። ጥርሷን ያላመማት ልጅ ምን ብሎ መድኃኒት?»

«አንቺ ደግሞ! በሬ ስትገዢ ምኑን ነው የምታዪው?»

«ጥርሱን።»

«ለምን?»

«ዕድሜውን ለማወቅ ነዋ።»

«እንግዲህ!» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጆች በመርከብ ወደ ውጭ አገር እየተላኩ ነው ሲባል አልሰማሽም? ዕድሜው የደረሰውን መርጠው ሊወስዱ ነው። እኔ አላልኩም ደግሞ!»

ልቤ ስንጥቅ አለ። ዛሬ ሲነገር ያስቃል፤ ያን ጊዜ ግን ማንን ትጠይቃላችሁ? ቀበሌ ሄዶ «ልጄን ልትወስዱ ነው ወይ?» ማለት ራስን በገመድ አስሮ ማስረከብ ነው። እናቴ «ዝም አይነቅዝም» እያለች ነው ያሳደገችኝ። እኔም ለማንም ሳልተነፍስ ልጄን የምደብቅበትን ሳስብ አመሸሁ።

ጠዋት ሰናይትን ነጠላ አከናንቤ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ በመሄድ ፋንታ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ጉዞ ጀመርኩ። እላይ የባለቤቴ አክስት አሉ፤ ነገሩ እስኪያልፍ እዚያ ብደብቃት ማን ያገኛታል ብዬ ነው። ዳገቱን ሳልጋምስ አብዮት ጠባቂው መታጠፊያው ላይ ጠብመንጃውን ታቅፎ ቆሟል።

«ወዴት ነው እህቴ?»

«ጸበል።»

«የዛሬው ጸበል እዚያ ታች ነው» አለና በአገጩ መዋዕለ ሕፃናቱን አሳየኝ። እየሳቀ ነው፤ ግን ከኋላችን እየተከተለ እስከ በሩ አደረሰን። እንዲህ ያለ ሸኚ ሲኖራችሁ አትጠረጥሩም?

በሩ ላይ ልጄን ተቀብለው ወላጅ አይገባም አሉኝ። ሌሎቹ እናቶች ወደየሥራቸው ሄዱ። እኔ የሄድኩ መስዬ በጓሮ ዞርኩና በባሕር ዛፍ አጥሩ ክፍተት ዓይኔን ሰካሁ።

ልጆቹ ግቢው ውስጥ ተሰልፈዋል። ጥርስ የሚያይ ሰው ፈለግሁ፤ የለም። ነጭ ጋውን የለበሰም የለም። ያሉት ሞግዚቷ እትዬ ሸዋዬና የቀበሌው ሊቀመንበር ብቻ ናቸው። እትዬ ሸዋዬ የሰፈሩን ልጅ ግማሹን በጀርባቸው ያሳደጉ፣ ክፉ የማያውቁ ሴት ናቸው። ከቢጫ ጀሪካን ወደ ትንንሽ ኩባያ ይቀዳሉ። ልጆቹ ደግሞ ተራቸው ሲደርስ እንደተማሩት ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ይቀበሉና ጭልጥ ያደርጉታል።

መፍራቴን ትቼ ግራ ገባኝ። ዕድሜ ሊያዩ ነው ስል ጭራሽ አፋቸውንም አላስከፈቷቸውም። ታዲያ የሚያጠጧቸው ምንድን ነው? እንዲያደነዝዛቸው ይሆን? እንዲያስተኛቸው?

ሰናይት ተራዋ ደረሰ። ጠጣች። ከረሜላ ከረሜላ ሳይላት አልቀረም፣ ኩባያዋን መልሳ ዘረጋች። እትዬ ሸዋዬ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረው «ይድገሙ እንዴ ጌታዬ?» አሉ።

«ድገሟቸው እንጂ! የመንግሥት ንብረት ነው፣ አንድ ጠብታ እንዳይባክን። ጀሪካኑ ባዶውን ነው መመለስ ያለበት።»

ልጄ ሁለተኛውን ስትጨልጥ አየሁ። ትንሽ ቆየችና ኩባያውን ጥላ ሆዷን ያዘች። ከፊቷ የነበረ ልጅ አጎንብሶ አስታወከ። ከዚያ አንዷ፣ ከዚያ ሌላው።

እንዴት አጥሩን እንዳለፍኩ አላውቅም፤ ቀሚሴ ተቀዶ የተገኘው በኋላ ነው። «መርዝ ነው! ልጆቹን ጨረሷቸው!» ብዬ ስጮህ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶኛል።

«አንቺ ሴትዮ አፍሽን ሰብስቢ!» አለ ሊቀመንበሩ። የእሱም ፊት ግን ዐመድ መስሏል። «የሆድ ቁርጠት ነው። ጠዋት ምን አብልተሻት ነው?»

«ምንድን ነው ያጠጣችኋቸው? ከየት የመጣ ነው?»

እትዬ ሸዋዬ «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ለጥርስ ነው ብለውኝ ነው። የመድኃኒቱ ባለቤት እላይ ትምህርት ቤት ያለችው ሲስተር ናት» አሉ።

ልጄን በጀርባዬ አዝዬ ሽቅብ ሮጥኩ። «እማዬ ሆዴን» ትላለች በጆሮዬ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ስደርስ ትልልቆቹ ተማሪዎች በረድፍ ቆመው ጉንጫቸውን ነፍተዋል። አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች ጠና ያለች ሴት እጇን አነሳች፤ ያን ጊዜ ልጆቹ ሁሉ ባንድ ላይ ቦይ ውስጥ ትፍ! አሉ። በመምህራን ፊት! ምን ዓይነት ብልግና ነው እያልኩ ወደ ሴትየዋ ገሰገስኩ። ሲስተር አስካለ ትባላለች። እርስዎ ማለት ሲገባኝ ደሜ ፈልቶ ነበርና አንቺ አልኳት።

«ልጄን ምን አጠጣሻት?»

«እኔ? የት?»

«መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ነዋ! በጀሪካን የላክሽው!»

«እኔ የላክሁት የለም። ለትንንሾቹ አይሆንም፣ መትፋት አይችሉም ብዬ ተናግሬያለሁ። ትናንት የተረፈውን ጀሪካን ሊቀመንበሩ ቀበሌ እናስቀምጠው ብለው ነው የወሰዱት…» ቃሉን ሳትጨርስ ዓይኗ ሰናይት ላይ ዐረፈ። «ጠጣች ነው ያልሽኝ? አልተፋችውም?»

«ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ይተፋል? ከትልቅ ሰው እጅ የተሰጠውን?»

ሲስተር እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሁሉም ጠጡ?»

«ሁሉም። ደግመው፣ ደጋግመው።»

«ወተት!» አለች። «አሁኑኑ ወተት የት ይገኛል?»

እንግዲህ ይህን ስሙኝ። እኛ ዘንድ ለሰው ሮጠው ወተት የሚያመጡለት መቼ ነው? መርዝ ሲጠጣ ነው። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ክንዷን ጨምድጄ ያዝኩ።

«መርዝ ነው አይደል?»

ልትዋሸኝ ትችል ነበር። «አይ፣ ለማረጋጊያ ነው» ብትለኝ ምን አውቃለሁ? ቀና ብላ አየችኝና፣ «ለተጉመጠመጠው መድኃኒት ነው። ብዙ ለጠጣው ሕፃን ግን አዎ፣ መርዝ ነው። አሁን የወተቱን ቤት አሳዪኝ» አለች።

ከሰማሁት ሁሉ የመጀመሪያው እውነት የሚመስል ነገር ይህ ነበር። አስፈሪ ስለነበር ነው መሰለኝ ያመንኩት። ያም ሆኖ ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሳሁም፤ ወደ እማማ ጫልቱ ቤት ስንሮጥ ከፊት አስቀድሜያት ነው የሮጥኩት፣ እንዳትጠፋብኝ።

መንገድ ላይ እያለከለክን ጠየቅኋት። «ምን የሚሉት ነገር ነው?»

«ፍሎራይድ ይባላል። አንቺ ያደግሽው ስምጥ ሸለቆ ነው አይደል? ዝዋይ? መቂ?»

ነጠላዬ ከፊቴ መውደቁን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። «ዝዋይ። ምን አገናኘው?»

«ጥርስሽን ያጠቆረው ይኸው ነገር ነው። ውሃችሁ ውስጥ በዝቷል፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትጠጪው ነው ያደግሽው።»

እግሬ መሬት ላይ ተተከለ። «እኔን ያበላሸኝን ነገር ለልጄ? ሆነ ብላችሁ?»

«ስሚኝ! ጨው ታውቂያለሽ? ቁንጥር ጨው ወጥ ያጣፍጣል፤ እፍኝ ብትጨምሪበት ማን ይበላዋል? ይህም ጥቂቱ ጥርሱን ከላይ ነካ ሲያደርገው ጥርስ ያጠነክራል፣ እንዳይነቅዝ ይጠብቃል። ስለዚህ ነው አስተፍቼ የምሰጠው። አሁን ሩጪ!»

ሮጥኩ። አምኛት እንዳይመስላችሁ፤ ልጄ በጀርባዬ ላይ ስላስመለሰች ነው።

እማማ ጫልቱ የኦሮሞ ባላገር የነበሩ፣ ከተማው መጥቶ የከበባቸው ሴት ናቸው። ዳገቱ ላይ ላሞቻቸውን አልሸጥም ብለው ከቀበሌ ጋር ይነታረኩ ነበር። ነገሩን ስንነግራቸው «ያ ዋቃ!» ብለው ፈጣሪን ጠርተው የጠዋቱን ወተት ከነማሰሮው ብድግ አደረጉት። ሰናይት እዚያው ደጃፋቸው ላይ በኩባያ ጠጣች፤ እያለቀሰች፣ እኔም እያለቀስኩ። ከዚያ ማሰሮውን ተሸክመን ቁልቁል።

እትዬ ሸዋዬ ወተቱን ሲያዩ፣ በዚያ ሁሉ መዓት መሐል፣ «ዓርብ ነው እኮ!» አሉ።

«ሕፃን ምን ጾም አለው እትዬ! ኩባያ ያቅርቡ!»

ሲስተር እያንዳንዱን ልጅ እየደገፈች አጠጣች፤ እየዞረች ልባቸውን ታዳምጣለች፣ እጃቸውን ትዳብሳለች። ብዙ የደጋገመ አንድ ወንድ ልጅ ክፉኛ ስለደከመ ሊቀመንበሩ መኪና አስመጥቶ ወደ ሆስፒታል አስወሰደው። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ሰናይትን ታቅፌ የሲስተርን እጅ ብቻ እከታተላለሁ። የምትሰጣቸውን ሁሉ አስቀድማ እንድትቀምስልኝ አደርጋት ነበር። አንዴም «ምን ሆነሻል?» አላለችኝም፤ ትቀምስና ትሰጣለች።

ወደ ማምሻው ላይ ሰናይት ነቃ ብላ «ዳቦ» አለች። ዳቦ! እንደዚያ ቀን ዳቦ የሚለው ቃል ጣፍጦኝ አያውቅም። ሆስፒታል የሄደውም ልጅ ደኅና ነው የሚል ወሬ መጣ። እትዬ ሸዋዬ መሬት ስመው አለቀሱ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ለስብሰባ ተጠራን። አዳራሹ ጢም ብሏል። ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር ካሰማን በኋላ ሊቀመንበሩ ተነሳ። ሲስተር አስካለን ከፊት አግዳሚ ላይ አስቀምጠዋታል፤ ከበስተጀርባዋ አብዮት ጠባቂው ቆሟል። ያ ጀሪካንም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ጓዶች! ትናንት በሕፃናቶቻችን ላይ አሻጥር ተፈጽሟል!» አለ። «መድኃኒት ተብሎ የመጣው መርዝ ነው። ይህንንም ከሰፊው ሕዝብ መካከል አንዲት ንቁ እናት በዓይኗ አይታ አጋልጣለች። ጓድ ዘነበች፣ ተነሺና መስክሪ።»

ዘነበች እኔ ነኝ። ተነሳሁ። መርዝ ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። አሁን «አዎ» ብዬ ብቀመጥ ሲስተር በዚያ በር ወጥታ የት እንደምትገባ ሁላችንም እናውቃለን። ባሎቻቸው፣ ልጆቻቸው በዚያ በር ወጥተው ያልተመለሱላቸው እናቶች እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። «ድገሟቸው ያለው ሊቀመንበሩ ነው» ብል ደግሞ እኔ ነኝ የምወጣው፤ ሰናይትስ ከማን ጋር ትቀራለች? «የሰጧቸው እትዬ ሸዋዬ ናቸው» ብል አሮጊቷን በላሁ። እትዬ ሸዋዬ ጥግ ላይ ኩርምት ብለው ነጠላቸውን ነክሰዋል። ሰናይት ቀሚሴን ይዛለች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መርዝ ብያለሁ» አልኩ። «ያልኩት ልጆቹ ሲጠጡት አይቼ ነው። ይህ የሚጠጣ አይደለም፤ የሚጉመጠመጡት ነው። ሲስተር እዚያ አልነበረችም። ጠጡ ብሎ ሲያዛቸው የሰማሁት ሰውም የለም።»

«ታዲያ ያለ ትእዛዝ ለምን ጠጡት?» ብሎ ጮኸ።

«እኛ ነና ያስተማርናቸው! ከትልቅ ሰው የተሰጠህን አትትፋ፣ በሰው ፊት መትፋት ነውር ነው እያልን ያሳደግናቸው እኛ ነን። ሕፃኑ ምን ያድርግ? እርስዎስ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቢሰጥዎ ይተፉታል?»

ሊቀመንበሩ ተናደደ፤ የሰው ፊት ደግሞ ያስጨንቀዋል። «እኔ ሕፃን ነኝ? ምን የሚያስቸግር ነገር አለው? አምጪ!» አለ።

ሲስተር ከጀሪካኑ በትንሽ ኩባያ ቀዳችለት። «አንድ ደቂቃ ይጉመጥመጡት፣ ከዚያ ይትፉት» አለች ቀስ ብላ። ጉንጩን ነፋ። እኛ አፍጥጠን እናየዋለን። ደቂቃው ሞላ። ሊቀመንበሩ ወደ ግራ አየ፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ወደ ቀኝ አየ፤ እናቶች። ወደ ኋላ ዞረ፤ ባንዲራውና የአገሪቱ የታላቁ መሪ ፎቶግራፍ ተሰቅለዋል። ወለሉ ደግሞ ለስብሰባው ተብሎ ተጠርጎ ውሃ ተረጭቶበታል። ጉንጩ እንደተነፋ ዓይኑ ተንከራተተ፣ ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

ከዚያ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ሁላችንም አየን። ዋጠው።

ማንም አልሳቀም። በዚያ ዘመን በሊቀመንበር የሚሳቅበት ጥርስ አልነበረንም። እማማ ጫልቱ ብቻ ከኋላ ሆነው፣ ኮስተር ብለው፣ «ወተት ላምጣ?» አሉ።

አዳራሹ ፈነዳ። ሳቁ እንዳመለጠን ወዲያው ደነገጥን፤ ሁሉም አፉን ያዘ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ቀላ፣ አገጩን ጠረገ፣ ወደ ጀሪካኑ አየ፣ ወደ እኔ አየ። የሕይወቴ ረጅሟ ደቂቃ ያቺ ናት። በመጨረሻ፣ «ለበላያችን ለከፍተኛው የሚሄደው ሪፖርት በአጠቃቀም ጉድለት ተብሎ ይጻፍ» አለና ስብሰባውን በተነው። አብዮት ጠባቂው ከሲስተር ጀርባ ዞር አለ።

በር ላይ ሲስተር ጠበቀችኝ። «ሊቀመንበሩ አይሞቱም፣ ያቺ መጠን ለአዋቂ ምንም አትል» አለችና ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። «ትናንት ሙሉ ቀን እንደ ሌባ ስትጠብቂኝ ዋልሽ። ዛሬ ለምን አዳንሽኝ?»

«አሁንም አላመንኩዎትም ሲስተር» አልኳት፤ አንቺ ማለቴ እዚያ ላይ ቀረ። «ግን መርዝ ነው ወይ ብዬ ስጠይቅዎ አዎ አሉኝ። በዚህ ቀበሌ ስጠይቅ እውነቱን የነገረኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለትንንሾቹ ሌላ ዓይነት ይዛ ተመለሰች፤ በብሩሽ ጥርስ ላይ የሚቀባ፣ የማይጠጣ፣ ለአንድ ቀን ጥርስን ቢጫ የሚያደርግ። እናቶቹ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሹ። እኔ ከፊት ወጣሁ፤ አምኜ ሳይሆን ጥያቄዬን ይዤ። ከምን ተሠራ፣ ቢውጡትስ፣ መቼ ይበሉ፣ መቼ አይብሉ? በመጨረሻ «መጀመሪያ እኔን ይቅቡኝ» አልኩና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ያንን የምሸፍነውን አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሰናይትን አስቀባሁ።

ወገኖቼ፣ ተጠራጠሩ። አትጠራጠሩ የሚላችሁን ደግሞ አብልጣችሁ ተጠራጠሩ። ግን በአጥር ቀዳዳ እያያችሁ አትቅሩ፤ ግቡና ጠይቁ፣ የሚመልስላችሁንም ሰው ፊት እዩ። እውነት የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ የምትፈሩትን ነው የሚነግራችሁ። ለልጃችሁም የጥርስ ሳሙና ስታደርጉለት እንደ ማስታወቂያው አትከምሩ፤ ለሕፃን ጭላጭ ይበቃዋል፣ አጠገቡም ቁሙ።

ሰናይት ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ጥርሷ አንድም አልነቀዘም። የእሷ ትንሹ ማታ ማታ ጥርሱን አጥቦ ሲጨርስ ፊቴ ቆሞ ትፍ! ይላል፤ አንዳንዴም ቀሚሴ ላይ ያርፋል። እኔም «ጎሽ የኔ ጌታ!» እለዋለሁ። ጎረቤቴ ሰምታ «አያት ተብላ ልጅ ታባልጋለች» አለች አሉ። ትበል።